ቀንድ ያበቀለው የጠጠር ኮረብታ

መምህር አስናቀ ሞቱ ብለው የነገሩኝ ሰዎች በአንድ ሞት አልተስማሙልኝም። ፍላቂት ገበያ አንዲት ጌሾ ሻጭ፣ «ያ የቁጥር አስተማሪ? ያኔውኑ ተስቦ ጨርሶት ከመንገዱ በላይ ተቀብሯል» አለችኝ። ወገል ጤና ስደርስ አንድ ሽማግሌ፣ «የለም፣ ጭጋግ ጋርዷቸው ገደል ገቡ እንጂ» ብለው ከንፈራቸውን መጠጡልኝ። ብልባላ ያገኘሁት አህያ ነጂ ደግሞ ሞታቸውን ከነጭራሹ አልተቀበለም። «በቀደም ጨው ሲገዙ አይቻቸዋለሁ፤ ሰላም ብለውኝ ነው ያለፉ» አለ። «መልካቸው እንዴት ነው?» ብዬ ብጠይቀው ጥቂት አሰበና፣ «ወንድሜን ይመስላሉ» አለኝ።

አልፈረድኩበትም። እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም፤ ዛሬ ከልጄ ቤት፣ ነገ ከገበያ፣ ከነገ ወዲያ ከአንዱ ደብር ነኝ። በደረስኩበት ሁሉ ስለ እሳቸው እጠይቃለሁ። ግን እውነቱን ልናገር፣ የማልረሳቸው ሰው መልካቸው ጠፍቶብኛል። ረጅም አይባሉ አጭር፣ ጠይም አይባሉ ቀይ፤ ድምፃቸው እንኳ የማንም ድምፅ ነበር። ገበያ መሃል የማያውቃቸው ሰው ሁሉ ዘመዱ መስለውት ትከሻቸውን ይይዛል። ጎረቤቴ እትዬ ደብሬ፣ አፏ እሾህ ልቧ ማር የሆነችው፣ «እኒህን ሰውዬ ገበያ ላይ ቢጥሏቸው ፈልጎ የሚያገኛቸው የለም» ትል ነበር። እሳቸውም ይሰሙና ይስቃሉ።

«ምን ላድርግ ደብሬ፤ የቆምኩት መሃል ላይ ነው። መሃል ላይ ሰው ይበዛል።»

ያን ጊዜ ቀልድ ነበር። አሁን ሳስበው ቀልድ አይመስለኝም።

ከየትኛው ከተማ እንደመጡ በቅጡ አላውቅም። በደርግ ጊዜ፣ ለልጆቹ ቁጥር ሊያስተምሩ ላሊበላ ተመድበው ነው የመጡ። እኔ የትምህርት ቤት ደጅ ረግጬ አላውቅም፤ ይቺን ፊደልም የለቀምኳት ኋላ ከልጄ ከብርቄ ደብተር ላይ ነው። ያን ጊዜ ብርቄን አዝዬ ከቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ሥር እቀመጥና እፈትላለሁ፤ የፈተልኩትንም እዚያው እሸጣለሁ። አንድ ቀን መምህር አጠገቤ መጥተው ቆሙና በሩን በሩን ያያሉ። ሊሳለሙ መስሎኝ ፈትሌን ቀጠልኩ።

«እህት ሙሉ» አሉኝ፣ «ያን ደፍ ማን ጠረበው?»

ከአለት ከተፈለፈለው በር ሥር ያለውን፣ ሰው ሁሉ ረግጦት የሚገባውን ድንጋይ ነው የሚሉት።

«መላእክት ናቸው ይባላል።»

«በሩን መላእክት ይጥረቡት። የደፉን መሃል ግን ማን እንዲህ ጎደጎደው? ቀና ብለሽ እዪው እስቲ።»

አየሁት። ከልጅነቴ ጀምሮ የረገጥኩትን ድንጋይ ያን ቀን ገና አየሁት። መሃሉ እንደ ገበታ ጎድጉዷል። ወደ ግራም ወደ ቀኝም ጉድጓዱ እየሳሳ፣ እየሳሳ ይሄድና ጥጉ ጋ የጠራቢው ምልክት እንኳ ሳይጠፋ ተቀምጧል።

«እግር ነው የበላው» አልኩ።

«ማን አዘዘው?»

«ማንም።»

«ተመካክረው ነው?»

«ኧረ አንቱ! ግማሹ እኮ ሞቷል፤ የት ተገናኝቶ ይመካከራል?»

«እንግዲያው ስሚኝ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ማንም ያላዘዘው፣ ማንም ያልተማከረበት፣ ግን ሁልጊዜ ያው ሆኖ የሚወጣ ቅርጽ አለ። ያን ጉድጓድ ገልብጠሽ ብታስቢው ኮረብታ ነው፤ መሃሉ ወፍራም፣ ዳርና ዳሩ ቀጭን። የተማሪዎቼን ቁመት ብለካ እሱን አገኛለሁ። የገብስ ዛላ ብለካ እሱን አገኛለሁ። እወደዋለሁ። እፈራዋለሁም።»

ያን ቀን ደፉን መርገጥ ከበደኝና ዘልዬው ገባሁ። የቆሙት ካህን «ምነው ፍየል ሆንሽሳ?» ብለው ሳቁብኝ።

ሌላ ቀን ደግሞ እርምጃ የሚሉትን ነገር አሳዩኝ። እትዬ ደብሬም እንደ እኔው ፈትል ትሸጥ ነበር። ኩራት አይሁንብኝና እኔ ቀጭን ፈታይ ነኝ፤ የደብሬ ክር ግን አንዴ ገመድ፣ አንዴ ጸጉር ነው። መምህር ከሁለታችንም ልቃቂት መዝዘው ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት። ከኔም አንድ ጉጥ፣ ከሷም አንድ ጉጥ ፈልገው አገኙ።

«እነዚህ ጉጦች እኩል ናቸው?»

«እኩል ናቸው» አለች ደብሬ።

«ታዲያ የሙሉን ጉጥ ያየ ሁሉ ጉድ ይላል፤ ያንቺን ማንም አያየውም። ለምን?»

«እኔን ሰው ለምዶኛላ!»

መምህር እጃቸውን አጨበጨቡ። «ይኸው መለሰችው! ያንቺ ክር መዋዠቅ ልማዱ ነው፤ እርምጃው ሰፊ ነው። ይህ ጉጥ ከመሃሉ አንድ እርምጃ እንኳ አልራቀም። የሙሉ ክር እርምጃው ጠባብ ነው፤ ያው ጉጥ እሷ ጋ ብዙ እርምጃ ርቆ ወጣ። እና ነገርን በስንዝር ብቻ አትለኩት። መጀመሪያ መሃሉን ፈልጉ። ከመሃሉ ምን ያህል እንደራቀ እዩ። ከዚያ ርቀቱን በራሱ ወገን እርምጃ አካፍሉት። ያኔ ቀጭኑን ከወፍራሙ፣ ገብሱን ከሰው ማስተያየት ይቻላል።»

«አሁን ሰደቡኝ ወይስ አመሰገኑኝ?» አለች ደብሬ።

«ለካሁሽ።»

ከዚያ ዝናቡ ቀረ። ያ ዘመን ብዙ ስለተወራለት እኔ አልደግመውም። ትምህርት ቤቱ ልጅ ሲያጣ መምህር አስናቀ ከከተማው ወጣ ብሎ ወደተተከለው መጠለያ መጡ። እዚያ ሲስተር ፀዳለ የምትባል ነርስ ነበረች፤ እሷ ሕፃናቱን ሚዛን ላይ ታንጠለጥላለች። መምህር ጣውላ ላይ አስተኝተው ወይም አቁመው ቁመታቸውን ይለካሉ። እኔ እግራቸውን እይዛለሁ፤ ለዚህም በጣሳ እህል ይሰጠኛል። ብርቄ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ አባቷ ሥራ ፍለጋ ወደ ቆላ እንደወረደ አልተመለሰም።

መጠለያው የሚያስፈራው በጩኸቱ አልነበረም፣ በዝምታው ነው። ልጅ ሲያለቅስ ደስ ይለን ነበር። ጠዋት ጠዋት ጭጋጉ ከሸለቆው ይነሳና ድንኳኖቹን አንድ በአንድ ይውጣል፤ ሰው መኖሩን የምታውቀው በሳሉ ነው። ውሻ አይጮህም፣ ዶሮ የለም፣ ወፍ እንኳ የት እንደገባ እንጃ።

ሕጉ እንዲህ ነው። ጠግበው የሚያድጉ ልጆች ተለክተው፣ የዚህ ቁመት ልጅ ክብደቱ ይህን ያህል ነው ተብሎ መሃሉም እርምጃውም በወረቀት ተልኳል። የኛ ልጅ የሚተያየው ከቁመት እኩዮቹ ጋር ነው። ከዚያ መሃል ሁለት እርምጃ ወርዶ ከተገኘ ወደ ውስጥ ይገባና በኩባያ የወተት ገንፎ ይሰጠዋል። ከዚያ መስመር በላይ ከሆነ ከእናቱ ጋር ውጭ ይቀራል።

ከመጠለያው ጀርባ አለቱ ውስጥ ጥንት የተፈለፈለች ዋሻ አለች፤ ማን እንደኖረባት የሚያውቅ የለም። መምህር የዋሻዋ ወለል ላይ በብረት ረጅም መስመር ጫሩ፤ መስመሩን በእርምጃ በእርምጃ ከፋፈሉት። ከጠገቡት ልጆች መሃል ላይ አንድ ትልቅ ነጭ ድንጋይ አስቀመጡ። ከሱ ወደ ግራ፣ ሁለት እርምጃው ላይ፣ ጠለቅ ያለ ምልክት ቆረጡ፤ መስመሩ እሱ ነው። ከዚያ ለተለካው ልጅ ሁሉ አንድ አንድ ጠጠር በየቦታው አኖሩ፤ አንድ ቦታ የሚወድቁትን ወለሉ ላይ አንዱን ካንዱ በላይ እየደረደሩ።

ሳምንቱ ሲያልቅ ኮረብታ ሆነ። ማንም ሳያዘው፣ መሃሉ ወፍራም፣ ዳርና ዳሩ ቀጭን። የደፉ ጉድጓድ ተገልብጦ ከፊቴ ተኛ። ግን ነጩ ድንጋይ ላይ አልነበረም። ሙሉው ኮረብታ ወደ ግራ ርቆ ነው የበቀለው፤ ነጩ ድንጋይ ባዶ ወለል ላይ ብቻውን ቀርቷል።

እትዬ ደብሬ አንገቷን አስግጋ አየችና፣ «የዚህ የነጩ ድንጋይ ሰዎች የት ናቸው?» አለች።

«ሌላ አገር» አሉ መምህር። አንዲት ጠጠር አስተካክለው ደግሞ፣ «ወይም ገና አልተወለዱም» አሉ።

በየሳምንቱ ልጆቹ እንደገና ይለካሉ፤ ኮረብታውም እንደገና ይሠራል። መምህር ከኔ ክር ወስደው አንዱን ጫፍ ነጩ ድንጋይ ላይ ያዙና የኮረብታው አናት በሚውልበት ላይ ቋጠሩልኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ቋጠሮው አልበቃም፤ ራቅ አድርገው ሌላ ቋጠሩ። ቀጥሎም ሌላ። ቅርጹ ያው ነው፣ ቁመናው ያው ነው፣ ቦታው ብቻ አይገኝም። ኮረብታው ይሄዳል። ከዋሻው ስወጣ ከኋላዬ ወለሉን እየዳሰሰ የሚንፏቀቅ ነገር ያለ ይመስለኝና ዞር ሳልል እሮጥ ነበር።

በዚያው ሰሞን ብርቄ ወደ ውስጥ ገባች። መስመሩን በጸጉር ወርዳ ነው የተገኘችው። ገንፎውን ስትልስ አይቼ እንደ ሞኝ አለቀስኩ።

ከዚያ ኮረብታው ቀንድ አበቀለ።

መጀመሪያ ያዩት መምህር ናቸው። ልክ ከመስመሩ ሥር፣ የገቡት ልጆች ጠጠር ካለበት፣ አንድ ቀጭን ክምር ከጎረቤቶቹ ተነጥሎ ወጥቷል። ከመስመሩ በላይ ደግሞ፣ ልክ ከጎኑ፣ የዚያኑ ያህል ሰርጉዷል። መምህር በጉልበታቸው ተንበርክከው ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ይህ ቅርጽ እንዲህ ሆኖ አያውቅም» አሉ። «ዳር ላይ ይሳሳል፣ መሃል ላይ ይወፍራል እንጂ ቀንድ የለውም። እህት ሙሉ፣ ኮረብታው ውስጥ ሰው አለ።»

«አንቱ፣ አያስፈራሩኝ!»

«እኔም ፈርቻለሁ። ከዚህ ያለውን ወደዚያ የሚገፋ እጅ አለ።»

እናቶቹን ጠረጠሩ። በኛ አገር ለሕፃን ጸጉሩ ሲላጭ አናቱ ላይ ቁንጮ ይተውለታል፤ ቢሞት መልአኩ በሷ ይዞ እንዲያወጣው። ልጁ ረጅም ከመሰለ ለቁመቱ ከሳ ተብሎ እንደሚገባ ያወቁ እናቶች ቁንጮውን በጭቃ አቁመው ያመጡ ጀምረው ነበር። መምህር ይላጭ ቢሉ ሴቶቹ ጉድ አፈሉ።

«ይላጭና መልአኩ በምኑ ይያዘው? በጆሮው?» አለች እትዬ ደብሬ።

«እሺ፣ አይላጭ። ወደ ጎን ይተኛ» አሉ መምህር። ቁንጮው ሁሉ ወደ ጎን ተኛ። ቀንዱ ግን አልጠፋም።

እኔን ለአንድ ሳምንት ከእግር ያዥነቴ አንስተው ሌላ ሴት አቆሙ። ቀንዱ አልጠፋም። ሚዛኑ ተለወጠ። አልጠፋም። ሴቶቹ ዋሻዋን መራቅ ጀመሩ። የልጆቻችንን ጠጠር አውሬ ይነካካዋል ተባለ፤ ጸበል የረጩም አሉ። መምህር እህል መቅመስ ተዉ፤ ድሮም የማይያዘው ፊታቸው ጭራሽ እንደ ጭጋግ ሆነ።

በመጨረሻ ለሲስተር ፀዳለ እንዲህ አሏት። «ወረቀቱን አንቺ ድንኳን ውስጥ ያዢው። ክብደቱን አትንገሪኝ። እኔ ከውጭ ሆኜ ቁመቱን ብቻ ጮክ ብዬ እነግርሻለሁ፤ ልጁ ከመስመሩ የቱ ጋ እንደሆነ እንዳላውቅ።»

ልጆቹ ሁሉ እንደዚያ ተለኩ። ኮረብታው እንደገና ተሠራ። ለስላሳ ሆኖ፣ ቀንድ የሌለው ሆኖ ወጣ።

መምህር ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። ሁለቱንም እጆቻቸውን ዘርግተው የሌላ ሰው እጅ ይመስል ያዩዋቸዋል።

«ሰውየው እኔ ነኝ» አሉ። «ልጁ መስመሩ ጋ ሲደርስ፣ ለጥቂት ሊያልፍ ሲል፣ የአናቱን ጣውላ አላጠብቀውም። ጸጉር ታህል እተወዋለሁ። ሳላውቅ ነው፣ ሙሉ። እግዜር ምስክሬ ነው፣ ሳላውቅ ነው።»

ቀጥለው የሚሉትን አውቄዋለሁ፤ ብርቄ በጸጉር የገባች ልጅ ናት።

አዲሱ ልክ ከመስመሩ በላይ አውጥቷት ነበር። ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ፤ በሲስተር አላስነገሩብኝም።

«እጄ ዋሽቷል» አሉ።

«ይዋሽ!» አልኩ፤ ያን ያህል ጮሄ አላውቅም። «ይዋሽ እንጂ፣ መምህር! እጅዎ አንጀት ስላለው ዋሸ። ምን አጠፋ?»

«አንቺ አጠገቤ ቆመሽ እግሯን ስትይዢ ለብርቄ አዘነ። ኩባያው ግን ያው ነው፤ አይጨምርም። ከታች ጥጉ ላይ፣ አራት እርምጃ ወርዶ የተኛው ልጅ እናቱ ሞታለች። የሚያዝንለት ዓይን ከፊቴ አልቆመም። እጄ የሰጠሽን ከሱ አፍ ነው የወሰደው።»

ብርቄን አዝዬ ወጣሁ። ጀርባዬ ላይ እንደ ባዶ ቅል ነበረች። ከድንኳኑ ጥግ ቁጭ ብዬ እሳቸውን ልጠላቸው ሞከርኩ፤ ልጠላው የምችለው ፊት ግን አልመጣልኝም።

በማግስቱ ጠዋት፣ ጭጋጉ ሳይነሳ፣ እኔው ዘንድ መጡ።

«ያን ክር ስጪኝ።»

«ምን ያደርግልዎታል?»

«ኮረብታን ተሸክሞ መሄድ አይቻልም። ክር ግን ኪስ ይገባል።» ፍላቂት፣ መንገዱ ዳር ካለው የእህል መጋዘን ሊሄዱ ነው። «መስመሩ ሲሰመር የኮረብታውን እግር ብቻ እንዲቆርጥ ነበር፤ ኩባያውም የተላከው ለእግሩ ያህል ነው። ኮረብታው ሄዶ አሁን መስመሩ ላይ የመጣው ሆዱ ነው። ብርቄን በልመና ባስገባት ሌላዋ ትወጣለች። መስፋት ያለበት ኩባያው ነው። የመጋዘኑ ጓዶች ልቅሶ ሰልችቷቸዋል፤ ቋጠሮዎቹን አሳያቸዋለሁ። ይህን ያህል ሄዷል፣ የሚቀጥለው ቋጠሮ እዚህ ላይ ነው እላቸዋለሁ።»

«በዚህ ጭጋግ? አንቱ እህል እንኳ አልቀመሱ!»

«እንደሚገባኝ መንገድ ላይ የሚያገኘኝ ሁሉ ወንድሙ እመስለዋለሁ። አንዱ ያበላኛል።»

እትዬ ደብሬ ከኋላችን ነበረች። «ከጠፉ በምን ብለን እንፈልግዎታለን? መካከለኛ ሰው አያችሁ ወይ እንበል?» አለቻቸው። ልትቀልድ ነበር፤ ግን አልሆነላትም።

«ከጠፋሁ መልኬን አትጠይቁ» አሉ። «እጄን ፈልጉ።»

ጭጋጉ ውስጥ ገቡ። እግራቸው ድንጋይ ሲመታ ጥቂት ተሰማ፤ ከዚያ አልተሰማም።

ብርቄን ያን ሰሞን በምን እንዳቆየኋት አልናገርም። ደብሬ የጎመን ሥር፣ እኔ የጣሳ እህሌን፣ እንደምንም። ሌሊት ትንፋሿን ለመስማት የራሴን እይዝ ነበር። አንድ ቀን ቀትር ላይ ወለሉ ተንቀጠቀጠ። የምድር መናወጥ መስሎን ወጣን፤ መኪናዎች ናቸው። እህልና የወተት ዱቄት ሞልተው ተከታትለው መጡ። የፊተኛው መኪና በር እጀታ ላይ ቋጠሮ ያለበት ቀጭን ክር ታስሯል። ፈትሌን ከሺህ ክር መሃል አውቀዋለሁ።

ሾፌሩን ያዝኩት። «ይህን ያሰረው ሰው የት አለ?»

«መንገድ ላይ አንድ ሰውዬ አስቁሞኝ ነበር። ወደዚህ ግቡ ብሎ አቅጣጫ አሳየኝ። ሲያስር ግን አላየሁም።»

«ምን ይመስላል?»

ሾፌሩ የመንገድ ዳር ከተማ ልጅ፣ እስላም ነው። እጁን አፉ ላይ አደረገ። «አጃኢብ ነው እህቴ፣ የሞተውን ታላቅ ወንድሜን ነው የመሰለኝ። ደንግጬ ነው የቆምኩት።»

የሁለተኛውን መኪና ሾፌር ጠየቅሁ። እሱም አይቷቸዋል፤ ሌላ ቦታ ላይ፣ ከብዙ መንገድ በፊት። የሱን ወንድም ነው የመሰሉት።

ክሩን ፈትቼ ቋጠሮዎቹን ዳበስኩ። እኔ ከማውቃቸው በላይ አንድ ተጨምሯል። በዚያ ሳምንት ሲስተር ፀዳለ ለክታ ኮረብታውን ስንሠራ አናቱ ልክ እዚያ ቋጠሮ ላይ ዋለ። ክሩን ከዚያ ቀን ጀምሮ ካንገቴ አላወጣሁትም።

ኩባያው ሰፋ። መስመሩም ከፍ ተደርጎ ብርቄ ገባች። ዳር የነበረው ያ እናት የሌለው ልጅም ተረፈ፤ ዛሬ ጺሙ ሸብቷል፣ ሳገኘው ጉልበቴን ይስማል። መምህር አስናቀ ግን አልተመለሱም። ፈላጊ ተልኮ ነበር። በየመንደሩ አዎ፣ አይተናል ይላሉ። ሁሉም ያዩት ዘመዳቸውን ነው።

ብርቄ አድጋ ወለደች፤ የልጅ ልጄም ወለደች። ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጄን ሕፃን ጤና ኬላ ይዘናት ሄድን። የጤና ሠራተኛዋ ለካቻትና ግድግዳ ላይ ያለውን ወረቀት በጣቷ ተከተለች። «እማማ፣ ደስ ይበልዎ፤ ልክ መሃሉ ላይ ናት» አለችኝ። ብርቄ «እሰይ» ብላ ልጂቱን ሳመቻት። እኔ ከደጅ አንዲት ጠጠር አንስቼ በመቀነቴ ጫፍ ቋጠርኳት።

ወደ ዋሻዋ የሄድኩት ብቻዬን ነው። መጠለያው የነበረበት ገብስ ተዘርቶበታል። ያን ሁሉ ዘመን እዚያ አልገባሁም ነበር። ነጩ ድንጋይ ብቻውን ስለሆነ ይቺን ጠጠር አኑሬለት ልመለስ ነው ሐሳቤ።

ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ቆምኩ። የድሮው ኮረብታ እንዳለ ነው፤ አቧራ ለብሶ ወደ ግራ ርቆ ተኝቷል። ነጩ ድንጋይ ግን ብቻውን አልነበረም።

ጠጠር ነው። አቧራ ያልለበሰ፣ ከተለያየ ወንዝ የተለቀመ፣ ቀይም ጥቁርም ጠጠር። መሃሉ ወፍራም፣ ዳርና ዳሩ ቀጭን፣ ነጩን ድንጋይ ሆዱ ውስጥ አድርጎ ተኝቷል። እኔ ብቻዬን ያሰብኩትን እያንዳንዷ እናት ብቻዋን አስባ፣ መጥታ፣ የልጇን ቦታ ፈልጋ አኑራ ሄዳለች። ከዋሻው በላይ ሲያርስ የነበረውን ገበሬ ጠርቼ፣ «ማን ነው እዚህ የሚገባ?» አልኩት። «እዚያ? ማንም ገብቶ አያውቅም እማማ፤ ሰው ይፈራዋል» አለኝ።

ጠጠሬን ከመሃሉ አኖርኳት። ልነሳ ስል ዓይኔ ወደ ግራ፣ ወደ መስመሩ ሄደ። በብረት የተቆረጠው ምልክት አሁንም አለ። እዚያ የደረሱት ጠጠሮች ጥቂት ናቸው፤ የኮረብታው ቀጭን እግር ነው። ተንበርክኬ አየሁት።

ልክ ከመስመሩ ሥር፣ ልጆቹ ከሚገቡበት በኩል፣ አንዲት ትንሽ ቀንድ በቅላለች። ከጎኗ፣ ከመስመሩ በላይ፣ ያንኑ ያህል ሰርጉዷል።

በመዳፌ ዳበስኳት። ጠጠሮቹ ገና ሙቀት ነበራቸው፤ ፀሐይ ግን እዚያ አትደርስም።

«እጅዎን አገኘሁት» አልኳቸው። ክሩን ከአንገቴ አውልቄ ቀንዷ ሥር አኖርኩና ዞር ሳልል ወጣሁ።